ሙላቱን በየትኛው ቅጂ ሰማችሁት?

«የድሮ ሙዚቃ አሪፍ ነው፣ ድምፁ ግን ደክሟል።» ይህን አስተያየት ከወጣቶች አፍ በሰማሁ ቁጥር የማስከትለው ጥያቄ አንድ ነው፤ የሰማችሁት የትኛውን ቅጂ ነው? አብዛኞቹ በጥያቄው ይገረማሉ። ዘፈን ያው ዘፈን ነው፣ ቅጂ ብሎ ነገር ደግሞ ምንድን ነው? እኔ የምለው ይህን ነው፦ ጠላውን ሳትቀምሱ በቅራሪው ፈረዳችሁ። ውሃ እየተጨመረበት ሦስተኛና አራተኛ ጊዜ የወረደውን ጠጥታችሁ ጠማቂዋን አማችኋት።

የማወራው ስለ ሙላቱ አስታጥቄ ነው። እዚህ ደምበጫ ከአሥር ልጆች ስልክ የስምንቱን ብትፈትሹ፣ ሚሞሪው ውስጥ አንድ የሙላቱ ሥራ አይጠፋም ብዬ እወራረዳለሁ። አንዳንዱ ያወቃቸው በ2005 በወጣው የጂም ጃርሙሽ ፊልም «ብሮክን ፍላወርስ» ነው። አንዳንዱ ደግሞ ናስና ዴሚያን ማርሊ በ2010 «የግሌ ትዝታ»ን ቆርጠው ሲጠቀሙበት ነው የነቃው። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ኢንተርኔት ላይ ስትፈልጉ እንዳትቸገሩ።) የሰሙት ቅጂ ግን ከየት ተነስቶ በስንት እጅ አልፎ እንደደረሳቸው የሚያውቅ አላጋጠመኝም።

ለማወዳደር የመረጥኩት «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» የተባለውን አልበም ነው። ጅማ ተወልደው፣ በዌልስና በለንደን ተምረው፣ ቦስተን የሚገኘው በርክሊ የሙዚቃ ኮሌጅ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ተማሪ የነበሩት ሙላቱ ይህን አልበም በ1972 ኒውዮርክ ላይ ቀረፁት። ያሳተመው «ወርዚ» የተባለ ትንሽ ኩባንያ ነው። ሰባት ሥራዎች አሉበት። አንዱ «ኩሉን ማን ኳለሽ» ነው። አዎ፣ ያው የሠርጉ! እኛ ዘንድ ሙሽራ በታጀበች ቁጥር በጭብጨባና በከበሮ የሚዜመው ዜማ፣ ያለ አንድ ቃል፣ በመሣሪያ ብቻ ተጫውቶ ታገኙታላችሁ። በቅኝታችን አምስት ድምፅ ላይ የጃዝ ስምምነት ተደርቦበታል። ለማወዳደሪያም የመረጥኩት እሱን ነው። ዜማውን ሁላችንም በልባችን ስለምናውቀው፣ ጆሯችን ዜማ ለመከተል ሳይደክም ስለ ድምፁ ብቻ መፍረድ ይችላል።

አሁን ቅጂዎቹን ላሰልፍላችሁ። የመጀመሪያው የ1972ቱ ሸክላ ነው፤ እሱን እርሱት፣ ዛሬ የሰብሳቢዎች ዕቃ ነው። ሁለተኛው በ2017 የለንደኑ «ስትረት» በድጋሚ ያሳተመው ነው። ስትረት አንድ ደግ ነገር አደረገ፤ የስቴሪዮውን ቅጂ ብቻ ሳይሆን የሞኖውን ቅጂና ከቀረፃው የተረፉ ሙከራዎችንም አብሮ አወጣ። ስለዚህ በሕጋዊ መንገድ ከአንድ ቀረፃ ሁለት ገጽታ አለን ማለት ነው። ሦስተኛው ዩቲዩብ ላይ ሰዎች ከያረጀ ሸክላ ላይ እየቀዱ የጫኑት ነው። አራተኛው ደግሞ ከዚያ ላይ ወርዶ፣ ወደ ኤምፒ3 ተቀይሮ፣ ተጨምቆ፣ ዘፈን ከሚጭኑ ልጆች ኮምፒውተር ወደ ሚሞሪያችን፣ ከሚሞሪያችን ወደ ጓደኛ ስልክ የተጓዘው ነው። የእኛ ቅጂ ይኸኛው ነው። ቅራሪው።

አንድ ማሳሰቢያ እዚህ ጋ ላስገባ። «ኢትዮፒክስ» በተባለው የፓሪሱ ቡዳ ሙዚክ ተከታታይ ውስጥ አራተኛው ቁጥር (1998) የሙላቱ ነው፤ ብዙ ሰውም የሚያውቀው እሱን ነው። እሱ ግን ሌላ ስብስብ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ «አምሃ ሪከርድስ» ካሳተማቸው ሥራዎች የተውጣጣ ነው። «ደወል»፣ «ሙናዬ»ና «ካሳለፍኩት ሁሉ» የሚሉት ርዕሶች በሁለቱም ላይ አሉ። ስለዚህ ርዕስ ብቻ አይታችሁ ሁለት ፋይል አታፋጥጡ። የአልበሙን ስምና ዓመት ሳታዩ ማወዳደር ሁለት አገር የበቀለ ጤፍ ወስዶ ወፍጮውን እንደመክሰስ ነው።

አሰማሜ ቀላል ነበር፦ በስልኩ የራሱ ድምፅ ማጉያ፣ በአንዲት ትንሽ የብሉቱዝ ስፒከርና በባለ ገመድ ኤርፎን። የሚሞሪውን ቅጂ፣ የዩቲዩቡን፣ የ2017ቱን ስቴሪዮና የ2017ቱን ሞኖ በየተራ።

መጀመሪያ ያሸነፈው ማን ይመስላችኋል? የሚሞሪው! ለምን ቢሉ ይጮኻል። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሸወደው። የሰው ጆሮ ከሁለት ድምፆች ትንሽ ጮኽ ያለውን «የተሻለ ጥራት አለው» ብሎ ይፈርዳል፤ በሙዚቃ ቀረፃ ሙያ የታወቀ ነገር ነው። በየመንገዱ ድምፁ እንዲጮኽ የተደረገበት ፋይል ዝቅ ያለውን ከፍ፣ ከፍ ያለውን ቁርጥ አድርጎ ሁሉንም አንድ ቁመት ያደርገዋል። ሲጀምር ጎልቶ ይሰማል። ሁለት ደቂቃ ስትቆዩ ግን ጆሯችሁን ይደክመዋል፤ ለምን እንደደከመው አታውቁትም፣ ወደሚቀጥለው ዘፈን ታልፋላችሁ። ሙላቱ እኮ ከባንዱ ጋር የሚጫወቱት በመጨመርና በመቀነስ ነው። ፀጥታውን ከወሰዳችሁበት ምን ቀረ?

ስለዚህ የመጀመሪያው ሕግ ይህ ይሁን፦ የሚጮኸውን ቅጂ ድምፁን ቀንሱትና ከሌላው ጋር እኩል አድርጉት፤ ከዚያ በኋላ ፍረዱ። ስፖቲፋይና ዩቲዩብ ይህን በከፊል ራሳቸው ያደርጉታል፤ የዘፈኖችን ጩኸት ወደ አንድ ደረጃ ያመጣሉ። ሚሞሪያችሁ ላይ ያለው ፋይል ግን እንዲህ ያለ ሽማግሌ የለውም።

እኩል ሳደርጋቸው የሚሞሪው ቅጂ ገመናው ወጣ። ቫይብራፎን ብረት ነው፤ ሲመታ ብልጭ ይልና ቀስ እያለ ይሞታል። የሚሞሪው ላይ ብልጭታው ወደ ፉጨት የተጠጋ፣ አሟሟቱ ደግሞ ውሃ ውስጥ ያለ የሚመስል ነው። ይህ የመጨመቅ ምልክት ነው። ሲዲ በሰከንድ 1,411 ኪሎቢት መረጃ ይይዛል፤ በ128 የተጨመቀ ኤምፒ3 ከዚያ ውስጥ የሚያስቀረው ከአሥራ አንድ እጅ አንድ እጅ ገደማ ነው። አንዴ ብቻ በጥንቃቄ ከተጨመቀ ጆሮ ብዙም ላያማርር ይችላል። ችግሩ የተጨመቀውን እንደገና መጭመቅ ነው፤ እያንዳንዱ ዙር የቀደመውን ስህተት እንደ ሙዚቃ ቆጥሮ ያስቀምጠዋል። ከዚያ ላይ ብሉቱዙ ደግሞ ለራሱ አንድ ጊዜ ይጨምቃል።

የዩቲዩቡ፣ ከሸክላ የተቀዳው፣ ጭርርታ አለበት፤ መርፌው አቧራ ሲረግጥ ይሰማል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከሚሞሪው ይልቅ እሱን እመርጣለሁ። ጭርርታው ከሙዚቃው ውጭ የተቀመጠ ነው፤ ጆሮ ጥቂት ቆይቶ ይለምደውና ከጀርባው ያለውን ይሰማል። በመጭመቅ የጠፋው ግን አይመለስም።

የ2017ቱ ስቴሪዮ በባለ ገመድ ኤርፎን ሲሰማ ሌላ ዓለም ነው። መሣሪያዎቹ ቀኝና ግራ ቦታ ቦታቸውን ይዘው ይቀመጣሉ፤ አንዱን ብቻ መርጣችሁ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ልትከተሉት ትችላላችሁ። ጊታርና ቤዝ ለሚማር ልጅ ይህ ሀብት ነው። የሙዚቃ መጽሔት የሚያነብ ሰው «የትኛው ይሻላል?» ብትሉት ይህንን ይላችኋል፤ ክርክርም የለውም።

እኔ ግን ለደምበጫ ልጅ ሞኖውን ነው የምመክረው። ለምን እንደሆነ ላስረዳ፤ ምክንያቱ አጠቃቀማችን ነው። እኛ ሙዚቃ እንዴት ነው የምንሰማው? አንደኛ፣ በስልኩ የራሱ ድምፅ ማጉያ። ሁለተኛ፣ ቡና ቤትም ሆነ ባጃጅ ውስጥ በምትንጠለጠል አንዲት የብሉቱዝ ስፒከር። ሦስተኛውና ዋናው፣ አንድ ኤርፎን ለሁለት ተካፍለን። ቀኙ ለእኔ፣ ግራው ለጓደኛዬ። ትምህርት ቤት ስትመላለሱ፣ መናኸሪያ ስትጠብቁ፣ ያው ነው። ስቴሪዮ የተሠራው ግን ለሁለት ጆሮ እንጂ ለሁለት ሰው አይደለም። ለሁለት ስትካፈሉት ግማሽ ባንድ አንተ ትሰማለህ፣ ግማሹን ጓደኛህ ይሰማል፤ ከዚያ አንዱ «ምን አሪፍ ሶሎ ነው!» ሲል ሌላው «የቱ ሶሎ?» ይላል። ሞኖው ላይ ባንዱ በሙሉ በሁለቱም ጆሮ አለ። በአንዲቷ ስፒከርም ቢሆን ስቴሪዮው ሁለቱ ወገን ተጨፍልቆ ሲቀላቀል ሚዛኑ ሊዛባ ይችላል፤ ሞኖው ግን ከመነሻው በአንድ ድምፅ ማጉያ እንዲቆም የተመዘነ ነው። በእኔ ጆሮ ከበሮውና ቤዙም በሞኖው ላይ ተጠጋግተው ይገፋሉ፤ ሠርግ ቤት የቆመ ባንድ ይመስላል።

ሞኖውን ማግኘት ካልቻላችሁ ደግሞ አንድሮይድ ስልክ «ቅንብሮች» ውስጥ፣ ተደራሽነት በሚለው ሥር «ሞኖ ኦዲዮ» የምትል ማብሪያ አለች። ኤርፎን ስትካፈሉ አብሯት። የሞኖውን ቅጂ ያህል አይሆንም፣ ግን ከግማሽ ባንድ ይሻላል።

ስለ ቤዝ አንድ ነገር ልጨምር፤ ምክንያቱም እዚህ ላይ የሚጎዳ ሰው አለ። በሠርግ ላይ ኪቦርድ የሚጫወት አንድ የሠፈራችን ልጅ «ኩሉን ማን ኳለሽ»ን በሙላቱ አካሄድ አጥንቶ አሰማኝ። ጣቱ ቀልጣፋ ነው። የግራ እጁ ግን ከአልበሙ ጋር አይገናኝም።

«ቤዙን ከየት አመጣኸው?» አልኩት።

«ከዘፈኑ ነዋ ጋሼ፣ ከስልክ ላይ።»

«በኤርፎን?»

«ኧረ በራሱ በስልኩ።»

የቤዝ ጊታር ዝቅተኛው ክር 41 ኸርዝ ላይ ይመታል። የስልክ ድምፅ ማጉያ ከአውራ ጣት ጥፍር የማይበልጥ ነገር ነው፤ እዚያ ድረስ ወርዶ ድምፅ ማውጣት በተፈጥሮው አይችልም። የምንሰማው የላይኛውን ቅርንጫፍ ነው፤ ሥሩን አእምሯችን ይገምተዋል። ልጁ የገመተውን ነው ያጠናው። ባለ ገመድ ኤርፎን ሰጥቼው የ2017ቱን ሲሰማ ዝም አለ። ትንሽ ቆይቶ ግራ እጁን ብቻ ኪቦርዱ ላይ ማንቀሳቀስ ጀመረ። እኔም ዝም አልኩ።

ከእሱ ጋር ሌላም ነገር ሞከርን፤ ለኪቦርድ ተጫዋቾች ሁሉ የምመክረው ነው። የሚሞሪው ቅጂ ከኪቦርዱ ጋር አልገጥም አለ፤ በሁለት ቁልፎች መካከል ተንጠለጠለ። የ2017ቱ ደግሞ ከሚሞሪው ጋር አይገጥምም። ይህ ማለት በመንገድ ላይ አንድ ቦታ፣ ሸክላው ወይ ካሴቱ ከልኩ በፈጠነ ወይ በዘገየ ማጫወቻ ተቀድቷል ማለት ነው። ፍጥነቱ ሲዛባ ቅኝቱም አብሮ ይዛባል። ኪቦርዳችሁን «ዲቱን» እያደረጋችሁ የምትሠቃዩ ልጆች፣ ጥፋቱ የሙላቱ ባንድ ላይሆን ይችላል፤ መጀመሪያ ሁለት ቅጂ አስተያዩ።

«ታደሰ»፣ «ጸዳ»፣ «ቤዝ ተጨመረበት»፣ «8ዲ» እየተባሉ የሚጫኑትን ግን ባልነካቸው ደስ ባለኝ። ሽሽታውን ለማጥፋት ተብሎ ሶፍትዌር ሲለቀቅበት፣ ማሽኑ ሽሽታውን ከጸናጽልና ከፍሉት ትንፋሽ መለየት ያቅተዋል፤ ሁለቱንም ጠርጎ ይወስዳል። የሚቀረው ንጹሕ ነው፣ እሱስ ልክ ነው። ፊቱ በስልክ ፊልተር እንደተለሰለሰ ሰው ንጹሕ ነው።

«ጥራት ያለው ፋይል ዳታ ይበላል» የሚል ክርክር ይነሳል፣ ልክም ነው። ሒሳቡን እንሥራ፦ ሦስት ደቂቃ የሚሆን ዘፈን በ128 ወደ 3 ሜጋባይት፣ በ320 ወደ 7 ሜጋባይት፣ ያለ ምንም ጭመቃ በሲዲ ልክ ወደ 32 ሜጋባይት ነው። እኔ ሁላችሁም 32ቱን ጫኑ አልልም። በ320 ከጥሩ ምንጭ የወጣ አንድ ፋይል ለስልክ ይበቃል። አንድ አጭር የቲክቶክ ቪዲዮ ከዚያ በላይ የሚበላበት ጊዜ ብዙ ነው፤ እሱን ማንም አይቆጥረውም። ቴሌግራም ላይ ስትላላኩም እንደ ሙዚቃ ፋይል ላኩት እንጂ ከስፒከር ላይ በድምፅ መልእክት እየቀዳችሁ አትላኩ። ይህን የሚያደርግ ሰው የለም እንዳትሉኝ፣ ደርሶኛል።

አሁን ወደሚያበሳጨኝ ነገር ልምጣ። ከላይ የጠቀስኳቸውን ቦታዎች እንደገና እዩዋቸው፦ ለንደን፣ ፓሪስ። የማሕሙድ አሕመድ «እሬ መላ መላ» በ1986 በአውሮፓ የታተመው ብራስልስ ላይ ነው። ኃይሉ መርጊያና ዋልያስ ባንድ በ1977 ያወጡት፣ ሙላቱም ቫይብራፎን የተጫወቱበት «ቼ በለው» በ2014 ዳግም የታተመው በአሜሪካው «ኦውሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ» ነው። የመጀመሪያውን ሸክላ ለማግኘት ሰብሳቢዎች በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይከፍላሉ። አሳታሚዎቹን አልወቅስም፤ እነሱ ባይኖሩ ይህን ሁሉ የማወዳድርበት ነገር አይኖረኝም ነበር። ብዙዎቹም ከባለቤቶቹ ጋር ተዋውለው ነው የሚሠሩት። ግን ጠላው እዚህ ተጠምቆ ምርጡ እዚያ መቀዳቱ፣ እኛ ደግሞ ከዩቲዩብ የወረደ ቅራሪ መጠጣታችን ያንገበግባል። ከሕጋዊው መደብር ልግዛ የሚል ወጣት ደግሞ የውጭ ምንዛሪ ካርድ ይጠየቃል። የ2017ቱን ቅጂ በትክክለኛ መንገድ ገዝቶ የሚሰማ የደምበጫ ልጅ እስከዛሬ አላየሁም፤ ፍላጎት ስለሌለው ግን አይደለም። ለሙዚቀኞቹም ከዚህ ገበያ የሚደርሳቸው ነገር አለመኖሩ ሌላው ቁጭት ነው።

በነገራችን ላይ፣ ከእነዚህ ታሪኮች አንዱ በእኛው መንገድ ላይ ያለፈ ነው። ኃይሉ መርጊያ በ1985 በአኮርዲዮንና በሲንተሳይዘር ብቻቸውን የተጫወቱት ካሴት አለ። እሳቸው ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ እየነዱ ሲኖሩ፣ ካሴታቸው ባሕር ዳር ላይ በአንድ አሜሪካዊ ሰብሳቢ እጅ ገባ። በ2013 «ሸሞንሟናዬ» ተብሎ ዳግም ታተመ፤ ኃይሉም ተመልሰው የዓለምን መድረክ ወጡ። ባሕር ዳር! ከአዲስ አበባ ተነስቶ በደብረ ማርቆስና በደምበጫ በኩል የሚሄድ አውቶቡስ የሚያደርስበት ከተማ። ያ ሰው ያገኘው ከሰማይ የወረደ ነገር አልነበረም፤ በየሱቁና በየቤቱ የነበረ ካሴት ነው።

እንዲህ ያለ ካሴት ዛሬም በየቤታችን አለ። አልጋ ሥር፣ ሣጥን ውስጥ፣ የእማማ ሙዳይ አጠገብ። ሙላቱ ባይሆን የጎጃም አዝማሪ፣ የአንድ ሠርግ ቀረፃ፣ የቅኔ መምህር ድምፅ ሊሆን ይችላል። የእነዚህ ድጋሚ ህትመት ለንደን ላይ አይወጣም፤ ያለው አንድ ቅጂ ብቻ ነው። «የቆሻሻ መጣያ ሞላ» ተብሎ የሚጣልበትን ቀን ስንቱ ቤት አይቻለሁ መሰላችሁ።

ቤታችሁ ካገኛችሁ ወዲያው ቴፕ ውስጥ አትክተቱት። መጀመሪያ ሽፋኑንና ካሴቱ ላይ ያለውን ጽሑፍ በስልክ ፎቶ አንሱ፤ የተጫዋቹ ስምና ዓመቱ ብዙ ጊዜ ያለው እዚያ ብቻ ነው። የቴፑን ራስ በጥጥና በአልኮል ጥረጉት። ካሴቱን አንድ ጊዜ እስከ ጫፍ አጠንጥኑና መልሱት፤ ለዓመታት የተኛ ክር ተጣብቆ ሊሆን ይችላል። ከቴፑ የኤርፎን ቀዳዳ ወደ ኮምፒውተር በገመድ ቅዱ፤ ስልክን ስፒከር ፊት አስቀምጦ መቅዳት የመጨረሻው አማራጭ ይሁን። ፋይሉን በዌቭ አስቀምጡ፤ ኤምፒ3ውን ከእሱ ላይ በኋላ ታወጣላችሁ። ሽሽታውን አትንኩት።